ውሃ የማያስገባ ሱሪ ስትገዙ ዋሱ ማን ነው?



በሐይቅ ዳር የምትኖሩ፣ ክረምቱን አርሳችሁ በጋውን መረብ የምትጥሉ ገበሬዎች፣ የዛሬው ትምህርት በቀጥታ እናንተን ይመለከታል። ከሐይቅ የራቃችሁም ቢሆን አንብቡት። ስለ ደረሰኝና ስለ ዋስትና የተጻፈው ለመድኃኒት መርጫም፣ ለውሃ መሳቢያ ሞተርም፣ ለፀሐይ መብራትም ይሠራል።

ዓሣ አጥማጅ ሁልጊዜ ታንኳ ላይ ተቀምጦ አይውልም። በጣናም ሆነ በዝዋይ ዳርቻ ብዙው ቦታ ጥልቀት የለውም። መረብ ሲጣልና ሲጎተት አንድ ሰው የግድ ውሃ ውስጥ ቆሞ ጫፉን መያዝ አለበት። ውሃው ከጉልበት ይጀምራል፤ ቀስ እያለ ወገብ ይደርሳል፤ አንዳንዴም ደረት ይነካል። ጎህ ሳይቀድ የገባ ሰው ፀሐይ ስትወጣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ይወጣል። እግሩ ነጥቶ ተጨማዷል፤ አልቅትም ይዞት ይሆናል።

አልቅት ግን ይታያል፤ ተነቅሎም ይጣላል። የሚከፋው የማይታየው ነው። በሐይቆቻችን ዳር፣ ሣርና ቄጠማ ባለበት የረጋ ውሃ ውስጥ ትናንሽ ቀንድ አውጣዎች ይኖራሉ። የቢልሃርዚያ ትል በእነዚህ ቀንድ አውጣዎች ሰውነት ውስጥ ያድግና ወደ ውሃው ይወጣል። ከዚያም ውሃው ውስጥ በቆመው ሰው ቆዳ በኩል ሰርስሮ ይገባል። ቁስል አይፈልግም። ብዙ ሰዓትም አያስፈልገው፤ ደቂቃዎች ይበቁታል። በሽታው ሆድ ያማል፣ ደም የተቀላቀለ ተቅማጥ ያመጣል፣ ዓመታት ሲያልፉም ጉበት ይጎዳል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል፤ በጤና ባለሙያ ተመርምረው የሚወስዱት ነው። ነገር ግን ታክሞ የዳነ ሰው ነገ ተመልሶ እዚያው ውሃ ውስጥ ከቆመ በሽታው እንደገና ይይዘዋል።

ነገርን ነገር ያነሣዋልና፣ እናቶቻችን ልብስ የሚያጥቡበት እንዶድ የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣ ገዳይ መሆኑን ያረጋገጠው የአገራችን ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አየ፤ ምርምሩን የጀመረው ከዚያ ነው። ይህ ራሱን የቻለ ትምህርት ስለሚሆን ወደ ጉዳያችን እንመለስ።

ሰውነትን ከውሃ የሚለይ ልብስ አለ። ከደረት ጀምሮ እስከ እግር ጥፍር አንድ ወጥ ሆኖ የተሠራ ነው። ከላይ በማንገቻ ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል፤ ከታች ቦቲ ጫማ አለው። በየሱቁ ስሙ ይለያያል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የጎማ ሱሪ እንበለው።

የጎማ ሱሪ ርካሽ ዕቃ አይደለም። አንድ አጥማጅ የስንት ቀን ዓሣ ሸጦ ነው የሚገዛው። ታዲያ የሚያፈስ ሱሪ ከሆነ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። ገንዘቡ ይሄዳል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ሰውየው ደረቅ ነኝ ብሎ ተማምኖ ረጅም ሰዓት ይቆማል፣ ትል ያለበት ውሃ ግን በቀዳዳው ገብቶ እግሩን ያርሰዋል።

እኔም የደረሰብኝን ልንገራችሁ

ይህን የሚጽፍላችሁ ሰው ራሱ የተቀጣ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንዲት የሐይቅ ዳር ከተማ ደማቅ ቢጫ የጎማ ሱሪ ገዛሁ። ቀለሙ ዓይን ይስባል። ጨርቁ ወፍራም ነው። ባለሱቁ፣ «ወንድሜ፣ የስድስት ወር ጋራንቲ አለው፣ ምንም አታስብ» አለኝ። እኔም ምንም አላሰብኩም። በሦስተኛው ሳምንት የግራው ቦቲ ከሱሪው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ተላቀቀና ውሃ ገባ።

ይዤው ሄድኩ። ባለሱቁ ደረሰኝ ጠየቀኝ። አውጥቼ ሰጠሁት። አገላብጦ አየና ሳቀ። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው «ልዩ ልዩ ዕቃ፣ 1» የሚል ብቻ ነበር። ቀን የለውም። የዕቃው ስም የለውም። ስለ ስድስት ወሩም አንድ ቃል የለበትም። «ይኸማ ባልዲም ሊሆን ይችላል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ባልዲም ሊሆን ይችላል። እኔ ፊደል የቆጠርኩ ሰው፣ የተሰጠኝን ወረቀት ሳላነብ አጥፌ ኪሴ ከትቼ ነበር የወጣሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ደረሰኝ ሱቁ ውስጥ ቆሜ ሳላነብ ከደጃፍ አልወጣም።

በቀለሙና በውፍረቱ አትገመግሙ

የጎማ ሱሪ በሚሠራበት ነገር ይለያያል። በብዛት የሚገኘውና ዋጋውም የሚቀንሰው በፕላስቲክ የተለበጠ ጨርቅ ነው። ፕላስቲኩ ፒቪሲ ይባላል፤ የውሃ ቧንቧ ከሚሠራበት ፕላስቲክ ጋር ዘመድ ነው፣ ነገር ግን እንዲለሰልስ ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። ክፉ አይደለም። ጉድለቱ እያደር ልስላሴውን ማጣቱና ብርድ ላይ መድረቁ ነው። ሲደርቅ የታጠፈበት ቦታ ላይ ይሰነጠቃል።

ሁለተኛው እውነተኛ ጎማ የተለበጠበት ጨርቅ ነው። ይከብዳል፤ ግን ይተጣጠፋል። ለእኛ ትልቁ ጥቅሙ ጎሚስታው ሊጠግነው መቻሉ ነው። የመኪና ከመነዳሪ የሚለጥፍ ሰው ይህንንም ይለጥፋል። ፒቪሲውን ግን በዚያው ማስቲሽ ቢለጥፈው አይዝለትም፤ ለፕላስቲክ ተብሎ የተሠራ ሌላ ማጣበቂያ ይፈልጋል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት «ይህ ጎማ ነው ወይስ ፕላስቲክ? መለጠፊያው አብሮ አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሌሎች ሁለት ዓይነቶችም አሉ። አንደኛው ኒዮፕሪን የሚባል እንደ ስፖንጅ ወፍራም የሆነ ነው። በረዶ ለሚያዩ አገሮች የታሰበ ስለሆነ በዝዋይ ፀሐይ የለበሰው ሰው ይቀቀላል። ሌላው ውሃ የማያስገባ ላብን ግን በእንፋሎት መልክ የሚያስወጣ፣ በበርካታ ስስ ጨርቆች የተደራረበ ነው። ቀኑን ሙሉ በእግር ለሚሄድ ሰው ድንቅ ነው፤ ዋጋው ግን ከሁሉም ይበልጣል፣ እሾህም አይችልም። ለእኛ ሥራ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይበቃሉ።

የጎማ ሱሪ የሚሞተው በመሃሉ አይደለም፤ በመጋጠሚያው ነው። በመጀመሪያ የሚያፈሰው ብሽሽት ላይ ነው፤ አራት ስፌት እዚያ ስለሚገናኝና ስንቀመጥ ስንነሣ ሁሉም እዚያ ስለሚሳብ። ቀጥሎ ቦቲውና ሱሪው የተያያዙበት ዙሪያ ነው። ከዚያም ሁለቱ ጉልበቶች በውስጥ በኩል ሲፋተጉ የሚያልቀው ቦታ ነው። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ስትገቡ ቀለሙን ትታችሁ ሱሪውን ገልብጡት። ውስጡን እዩ። በመርፌ ብቻ የተሰፋ ከሆነ እያንዳንዱ የመርፌ ቀዳዳ የውሃ በር ነው፤ በላዩ ላይ ውሃ የማያሳልፍ ጥብጣብ ከዳር እስከ ዳር መለጠፍ አለበት። በሙቀት የተጣበቀ ከሆነ መስመሩ አንድ ዓይነት ስፋት ይኑረው፤ የተነሣ ጫፍ፣ እብጠት፣ የተቃጠለ ቦታ አይኑርበት። ጥብጣቡን በጥፍራችሁ ጫር አድርጉት። ከተነሣላችሁ አትግዙት።

ብሽሽቱ ላይ ተጨማሪ ቁራጭ፣ ጉልበቱ ላይ ደግሞ ድርብ ጨርቅ ቢኖረው ይመረጣል። ቦቲው ከሱሪው ጋር የተያያዘበት ላይ ሰፊ የጎማ ቀለበት ካለው እሰየው። የሶሉ ጥርስ ጥልቅ ይሁን፤ የሐይቅ ዳር ጭቃ ያንሸራትታል።

አንድ ነገር እጨምራለሁ። ሱቁ ፊት ለፊት ፀሐይ ላይ ተሰቅሎ የከረመውን አትውሰዱ። ባለሱቁ ይህ ማሳያው ነው፣ ዋጋውን እቀንስላችኋለሁ ቢላችሁም አትውሰዱ። ፀሐይ ጎማንም ፕላስቲክንም ታደርቃለች። ጨርቁን አጥፋችሁ ጨበጥ አድርጉና ልቀቁት፤ የታጠፈበት ላይ ነጭ መስመር ወይም ጭረት ከቀረ ያረጀ ነው። ከካርቶን ያልወጣ እንዲያመጣላችሁ ጠይቁ።

ልክን በተመለከተ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቆሞ ይለካና ልኬ ነው ይላል። ውሃ ውስጥ ግን ቆሞ ብቻ አይዋልም። ሱሪውን ከነልብሳችሁ ልበሱትና ቁጢጥ በሉ። ከዚያ አንድ እግራችሁን ዱካ ላይ አውጡ። ብሽሽቱ ከሳበ ጠባብ ነው፤ በአንድ ወር ይተረተራል። ጉልበት ላይ ሦስት አራት ቦታ ከተጣጠፈ ደግሞ ረጅም ነው፤ በመፋተግ ያልቃል። ቦቲው ወፍራም ካልሲ የሚያስገባ ይሁን። የሚጠብ ቦቲ እግር ያቀዘቅዛል፤ የሚሰፋው ደግሞ ጭቃ ውስጥ ሲነከር ተረከዙ ይወጣና መጋጠሚያውን ይጎትተዋል።

ላብ ነው ወይስ ውሃ?

ሱሪውን ገዝታችሁ ቤት በገባችሁ ማግስት ፈትኑት። ለመኸር ሥራ እስክታደርሱ ድረስ ግድግዳ ላይ አትስቀሉት። ቀኑ ይቆጠራል፤ ለምን እንደሚቆጠር ከታች ታያላችሁ።

አፈታተኑ ቀላል ነው። ከውስጥ ደረቅ ግራጫ ወይም ካኪ ሱሪ ልበሱ፤ እነዚህ ቀለሞች ርጥበትን ያሳያሉ። ንጹሕና ጸጥ ያለ ውሃ ውስጥ እስከ ወገብ ገብታችሁ ለሩብ ሰዓት ያህል ቁሙ። ቁሙ ስላችሁ ዝም ብላችሁ ቁሙ፤ ከተንቀሳቀሳችሁ ታልባላችሁ። ስትወጡ የውስጡን ሱሪ እዩ። በአንድ ቦታ ብቻ፣ ለምሳሌ በግራ ቁርጭምጭሚት ወይም በብሽሽት በኩል ተለይቶ የራሰ ካለ ማፍሰሻ ነው። ከላይ እስከ ታች በስሱ የረጠበ ከሆነ ግን ላብ ነው። በጎማና በፕላስቲክ ሱሪ ውስጥ ላብ መውጫ ስለሌለው ይጠራቀማል። ላቡን ውሃ መስሎት ሱሪውን ተሸክሞ ሱቅ ድረስ ሄዶ የተመለሰ ስንት ሰው አለ። ባለሱቁም አንዴ በዚህ ከሳቀባችሁ፣ በሌላ ቀን እውነተኛ ቀዳዳ ይዛችሁ ስትሄዱ አያምናችሁም።

ማፍሰሻ መኖሩ ከታወቀ ቦታውን ፈልጉ። ስስ ለሆነው ሱሪ ማታ በጨለማ ቤት ውስጥ የእጅ ባትሪ እግሩ ውስጥ አስገብቶ ከውጭ ማየት ነው፤ ቀዳዳው እንደ ኮከብ ብልጭ ይላል። ብርሃን ለማያሳልፈው ወፍራም ጎማ ደግሞ ከላይ ያለውን አፉን ጠቅልላችሁ አየሩን እንደ አንጥረኛ ወናፍ ወደ እግሩ ግፉት፤ ስፌቱን የሳሙና ውሃ ቀቡት፤ አረፋ የሚነፋበት ቦታ ቀዳዳው ነው። ያገኛችሁትን ቦታ በእስክሪብቶ ክበቡት። ዝም ብላችሁ ክበቡት እንጂ አትለጥፉት! ዋስትና ያለውን ዕቃ ራሳችሁ ከለጠፋችሁት፣ «አንተ ነህ ያበላሸኸው» ለማለት በር ይከፈታል።

ዋስትና ምንድን ነው?

በአገራችን ዋስ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አይነገርም። አንድ ሰው ሲበደር ወይም ሲከሰስ ዋስ ጥራ ይባላል። ዋሱ ስም አለው፤ ቤቱ ይታወቃል፤ ተበዳሪው ቢጠፋ ይያዛል። ስሙና ቤቱ የማይታወቅ ዋስ ዋስ አይደለም። የዕቃም ዋስትና እንዲሁ ነው። ሻጭ «ዋስትና አለው» ሲላችሁ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ዋሱ ማን ነው?» የሚለው ነው።

ዋሱ ፋብሪካው ሊሆን ይችላል። የጎማ ሱሪ አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ አገር የሚመጣ ዕቃ ነው። ካርቶኑ ውስጥ የተቀመጠው የዋስትና ወረቀት ዕቃውን ወደ ፋብሪካው መልሱ የሚል ከሆነ፣ ሱሪውን ባሕር አሻግሮ የሚልክላችሁ ማን ነው? የመላኪያውስ ዋጋ? እንዲህ ያለው ዋስትና ለሠሪው አገር ሰው ጥሩ ነው፤ እዚያ ያለ ሰው ዕቃውን አጥቦ፣ ደረሰኙን አያይዞ በፖስታ ይልካል፣ ተጠግኖ ወይም ተለውጦ ይመለስለታል። ለእኛ ግን አስመጪው ወይም ባለሱቁ «እኔ ተቀብዬ አስጠግናለሁ፣ ካልሆነም እለውጣለሁ» ብሎ ካልጻፈልን የሌላ አገር ዋስ ነው። ስለዚህ የፋብሪካው የሁለት ዓመት ዋስትና በወረቀት ከሚኖራችሁ፣ በእግር ሄዳችሁ የምትደርሱበት ባለሱቅ የሦስት ወር ዋስትና ፈርሞ ቢሰጣችሁ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ዋስትና የሚሸፍነው የአሠራር ጉድለትን ነው። ስፌቱ ራሱ ከተላቀቀ፣ ቦቲው ከሱሪው ከተለየ፣ ልባጩ ሳይነካ ከተላጠ ጥፋቱ የሠሪው ነው። የግራር እሾህ የወጋው፣ መንጠቆ የቀደደው፣ አይጥ የበላው፣ እሳት አጠገብ ተሰቅሎ የደረቀው ግን የእናንተ ነው። በአገልግሎት ብዛት ያለቀም አይሸፈንም። ይህን ማወቁ ለክርክር ይጠቅማል። ቀዳዳው ስፌት ላይ ከሆነ በልበ ሙሉነት ሂዱ። ቀዳዳው ጨርቁ መሃል ላይ እንደ መርፌ ወግቶ ያለፈ ከሆነ ግን ጊዜያችሁን አታባክኑ፤ ወደ ጎሚስታው ሂዱ።

የአገራችንም ሕግ ስለዚህ ይናገራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት የሌለበት መሆኑን እንዲያረጋግጥ ኃላፊነት ያስቀምጥበታል። ገዢውም በበኩሉ ዕቃውን እንደተመቸው ወዲያው መመርመርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት ይላል። ቀኑ ይቆጠራል ያልኳችሁ ለዚህ ነው። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ወጣ። በዚህ አዋጅ ነጋዴ ለሸጠው ዕቃ ደረሰኝ መስጠት ግዴታው ነው። ጉድለት ያለበት ዕቃ የደረሰው ሸማችም እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ብዙ ሱቆች ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ ይለጥፋሉ። ገዝቶ ሐሳቡን ለቀየረ ሰው ይሆን ይሆናል፤ ጉድለት ላለበት ዕቃ ግን ሕጉ ሌላ ይላል። በትሕትና ግን በድፍረት ተናገሩ።

አሁን ደረሰኙን እናንብብ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል እንደሚባለው ነው። ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ እነዚህን ቃላት በጣታችሁ እየተከተላችሁ ፈልጉ፦ ቀን። የገዢ ስም። የዕቃው ዓይነት። ብዛት። ዋጋ። ፊርማ። ማኅተም። በ«የዕቃው ዓይነት» ሥር «ልዩ ልዩ» የሚል ካያችሁ መልሱለት። «ከቦቲ ጋር የተያያዘ ውሃ የማያስገባ ሱሪ፣ ቁጥር 42» ተብሎ ይጻፍ። የዋስትናውም ጊዜ በዚያው ደረሰኝ ላይ ወይም በጀርባው ይጻፍ፦ «ስፌቱና መጋጠሚያው ለሦስት ወር ዋስትና አለው። ጉድለት ቢገኝ ሱቁ ይጠግናል ወይም ይለውጣል።» ሁለት መስመር ነው። ባለሱቁ ይህን ሁለት መስመር ለመጻፍ እጁ ከከበደው፣ ከሦስት ወር በኋላ ሱሪውን ለመለወጥ እንዴት ይቀልለዋል? ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ደረሰኝ ጢስና ውሃ አይወድም። በአንዳንድ ማሽን የሚታተመው ደግሞ በሙቀት ይደበዝዛል። በላስቲክ ጠቅልላችሁ ሣጥን ውስጥ አኑሩት፤ ስልክ ያለው ልጅ ካላችሁ ፎቶ ያንሣላችሁ።

አያያዙ

ሱሪውን ለብሳችሁ ከቤት አትውጡ። ትከሻ ላይ አድርጋችሁ ውሃው ዳር ስትደርሱ ልበሱት፤ በመንገድ ያለው እሾህ ከውሃ ውስጡ ይበዛል። ከሥራ በኋላ ጭቃውን በንጹሕ ውሃ እጠቡና ገልብጣችሁ ውስጡን ጥላ ላይ አድርቁ። ከዚያ ቦቲውን ወደ ላይ አድርጋችሁ ስቀሉት። አጣጥፋችሁ ከጆንያ ሥር አትክተቱት። ምድጃ ካለበት ጎጆ አርቁት። ላምባ፣ ናፍጣና ዘይት አያስነኩት፤ ጎማን ያሟሟሉ። የዓሣ ሽታ ያለበትን ሱሪ ደግሞ አይጥ በሌሊት ይጎበኘዋልና ሳይታጠብ አይደር።

ስለ ደኅንነትም አንድ ቃል። ወገባችሁ ላይ ከሱሪው በላይ ቀበቶ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ብትወድቁ ውሃው ወደ እግር ቶሎ እንዳይወርድ ያግዳል። ታንኳ ላይ ግን የጎማ ሱሪ አትልበሱ። ውሃ የሞላው ሱሪ ራሱ ወደ ታች አይጎትትም፤ ውሃ ውስጥ ያለ ውሃ አይከብድምና። ነገር ግን እግር አያራምድም፣ ወደ ታንኳ ወይም ወደ ዳር ለመውጣት ሲሞከር ደግሞ እንደ ድንጋይ ይከብዳል። በድንገት የወደቀ ሰው ሳይደነግጥ በጀርባው ተኝቶ፣ ጉልበቱን ሰብስቦ፣ በእጁ እየቀዘፈ ወደ ዳር ይምጣ፤ እዚያ ሲደርስ ማንገቻውን ይፍታ። ጉማሬና አዞ ባሉበት ውሃ ደግሞ የጎማ ሱሪ ለምንም አይጠቅምም፤ እዚያ አትግቡ።

አቤቱታ መጻፍ

ስፌቱ ተላቀቀ እንበል። ሱሪውን አጥባችሁ አድርቁ። ጭቃና የዓሣ ቅርፊት ያለበትን ዕቃ ማንም ደስ ብሎት አይቀበልም። የምታፈስበትን ቦታ ክበቡ። ደረሰኙን ያዙ። ከዚያ ይህን የመሰለ ደብዳቤ በሁለት ቅጂ ጻፉ። ደብተራችሁ ላይ ገልብጣችሁ ተለማመዱት፤ ነጥብ ያለበትን ቦታ በራሳችሁ ሙሉ።

«ቀን ታኅሣሥ 9 ቀን ....... ዓ.ም.

ለ ................ ሱቅ
ጉዳዩ፦ ጉድለት የተገኘበት ዕቃ እንዲጠገንልኝ ወይም እንዲለወጥልኝ ስለመጠየቅ።

እኔ ስሜ ................ የተባልኩት ታኅሣሥ 3 ቀን ከሱቃችሁ በደረሰኝ ቁጥር ....... አንድ ከቦቲ ጋር የተያያዘ ውሃ የማያስገባ ሱሪ በብር ....... ገዝቻለሁ። ታኅሣሥ 8 ቀን ውሃ ውስጥ ስፈትነው የግራው ቦቲ ከሱሪው ጋር በሚገናኝበት መጋጠሚያ በኩል ውሃ አስገብቷል። ቦታውን በእስክሪብቶ አክብቤአለሁ። ሱሪው አልተወጋም፣ አልተቀደደም፣ በእኔም አልተጠገነም። በደረሰኙ ጀርባ በተጻፈው የሦስት ወር ዋስትና መሠረት እንዲጠገንልኝ፣ የማይጠገን ከሆነም እንዲለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ።

ፊርማ ................»

ደብዳቤው ስድብ የለበትም፤ ልመናም የለበትም። ቀን፣ ቦታ፣ ቁጥር ነው ያለው። ስጡና ሁለተኛው ቅጂ ላይ «ተቀብያለሁ» አስብላችሁ አስፈርሙ። ሱሪውንም ያለ ወረቀት ትታችሁ አትሂዱ፤ «አንድ ሱሪ ለጥገና ተረክቤአለሁ፣ በዚህ ቀን እመልሳለሁ» የሚል ይጻፍላችሁ። ዋናውን ደረሰኝ ደግሞ ለማንም አትልቀቁ። ማየት ከፈለገ ያየዋል፤ ማስቀረት ከፈለገ ፎቶ ኮፒ ይውሰድ። እምቢ ቢል ደብዳቤውንና ደረሰኙን ይዛችሁ ወደ ወረዳችሁ የንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። የዓሣ አጥማጆች ኅብረት ሥራ ማኅበር አባል ከሆናችሁ ማኅበሩ አብሯችሁ ቢሄድ፣ ወይም ከመጀመሪያውም ለአባላቱ በአንድነት ቢገዛና ዋስትናውን በውል ቢያስጽፍ ይበልጥ ይቀላል፤ ነጋዴ አሥር ሱሪ የገዛውን ደንበኛ በቀላሉ አያሳዝንም።

ሱሪው ተጠግኖ ሲመጣ እዚያው ሱቅ ውስጥ ገልብጣችሁ የተጠገነውን ቦታ በጥፍራችሁ ጫር አድርጉ፤ ጫፉ ከተነሣ አትቀበሉ። ከያዘ ግን ቤት ወስዳችሁ በማግስቱ እንደ አዲስ ሩብ ሰዓት ውሃ ውስጥ ቁሙበት፣ የተጠገነበትንም ቀን በደረሰኙ ጀርባ ጻፉ።